አየር እስኪሞላ

ኤድመንተን፣ ታኅሣሥ፤ ገና በዐሥር ተኩል ሰዓት
ፀሐይ ፈረቃዋን ጨርሳ ገብታለች ቤት።
ከራት በኋላ ነው የእኛ ቤት ልማድ፦
የፖስታ ሳጥኑን ለማየት መሄድ።
ስልክ ሁሉ ሩዝ ድስት ውስጥ፣ ክዳን ይደፋበታል፤
ጃኬት፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፤ በሩ ይከፈታል።
ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ከፒዛ ማስታወቂያ በቀር
ሳጥኑ ውስጥ የሚጠብቀን የለም ምንም ነገር።
በረዶው እንደ ቆሎ ይቆረጠማል ከእግራችን ሥር።

እንዲህ አልነበረም።
አምና «ትምህርት እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቃት
«ደኅና» ትላለች መክሊት፤ «ደኅና» እላለሁ፤ አለቀ ራት።
«ደኅና» በሚሉት ቃል ስንቱ ይሸፈናል!
የዚህ አገር በረዶም ጉድጓዱን ሞልቶ ሜዳ ይመስላል።

አንድ ማታ ከመንጃ ፈቃድ ፈተና ፊቴን አጨፍግጌ
ገባሁ፤ ወረቀቴን አራት አጥፌ፣ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጌ።
ለካ መክሊትም አጥፋ ኖሯል የራሷን፦
ክፍልፋይ፣ ከመቶ አርባ አንድ፣
ቦርሳዋ ሥር፣ ከሙዝ ልጣጭ ጋራ።
ኪሩቤል ግን ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወረቀት አይቶ አያልፍም።
ሁለቱንም አገኘ። አውሮፕላን ሠራቸው።
ሶፋው ላይ ቆሞ ወረወራቸው።
የእሷ እኔ ሾርባ ውስጥ አረፈ፣ የእኔ እሷ ጭን ላይ።

ዝም አልን። ስንዱ ናት መጀመሪያ የሳቀች፤
«ሁለቱም አውሮፕላን ወደቀ» አለች።
መክሊት ወረቀቴን ዘርግታ ስታየው ቆየች።
«አባዬ፣ የአየር ፍሬን ምንድን ነው?» አለች።

ነገርኋት።
ከባድ መኪና ፍሬኑ የሚለቀው በአየር ግፊት ነው፤
ሰልባቶው ውስጥ አየር ካነሰ ጎማው ይቆለፋል፤
ሞተሩ ቢያጓራ፣ ሹፌሩ ቢሳደብ፣ ማን ይሰማዋል?
አልተበላሸም። አልሰነፈምም። ጎድሎበት ነው።
እስኪሞላ መጠበቅ ነው።
የሳትኩት ጥያቄ ይኼው ነው።

«እኔም እንደዚያ ነኝ» አለች፣ «ሰሌዳው ፊት ስጠራ።»
ሾርባዬ ቀዘቀዘ።
ስንት ማታ ነው ሞተር ያስጮኽሁባት፣
«አጥኚ እንጂ! አንብቢ እንጂ!» ያልኳት፣
ጎማዋ እንደታሰረ ሳላይላት!

ከዚያ ወዲህ ነው ሳጥኑን የምንጎበኘው።
ስንሄድ እያንዳንዱ ዛሬ ያቃተውን ይናገራል፤
መምከር ክልክል ነው፤ የመከረ ቁልፉን ያስረክባል።
(እኔ ብዙ ጊዜ አስረክቤያለሁ።)
ስንመለስ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣
እሷ ሲሶና ሩቧን፣ እኔ ያንን መከረኛ መጽሐፍ፤
ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፤ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ትደምራለች።
ስንዱ ከአረጋውያኑ ቤት እስክትመለስ
ኪሩቤል ከጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ይገኛል።

ሁልጊዜ አይሰምርም።
ባለፈው ሐሙስ በአንድ ጓንት ተጣልተን ቀረን፤
ድስቱ ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ሮጬ የከፈትኩት እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው አለፍኩ። እሷ ሃምሳ ስምንት አመጣች።
ስንዱ ሳታጥፍ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፣
ከሁለቱ የእኔ ውድቀት አጠገብ፣
አንዱ እስከ ዛሬ የሾርባ ቢጫ አለበት።

ዛሬ ማታ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው።
መክሊት እስከ ሳጥኑ ዝም፤ ከሳጥኑ እስከ በራችን ዝም።
ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት።
ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተተች፤
«ነገ እነግርሃለሁ» አለች።
ትንፋሿ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ይወጣል።
ደጃፉ ላይ አብሬያት ቆምኩ።
አልቸኮልኩም።